ጀሪካኑ፣ ባናውና አበልጄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

«ውሃ አትድፉበት!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሙሉ ባልዲ ተሸክመው መጥተው ቸለሱበት። እሳቱ በመጥፋት ፋንታ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ መጣ። የቀሚሴን ጫፍ በላው። «አፈር! አመድ! ውሃውን ተዉት!» እላለሁ፤ ሰዉ ደግሞ «ደንግጣ ነው» እያለ ውሃውን ይቀባበላል። ይኸው ስንት ዘመን በጠርሙስ ላምባ እየለካሁ ስሸጥ፣ የላምባ እሳት በውሃ እንደማይጠፋ ለከተማችን ለሞላሌ ሰው ያልተናገርኩበት ጊዜ የለም። የሰማኝ ግን አልነበረም።

ከመነሻው ልጻፈው።

ረፋዱ ላይ ሱቄ በር ላይ ለአንዲት ሴት ላምባ ስቀዳ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የላምባ ሽታ ለእኔ የቤቴ ሽታ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። የሚመር፣ ራስ የሚይዝ። ወደ ጓዳ ገባሁ። አበልጄ ማንደፍሮ ላምባ ነው ብለው በአደራ ካስቀመጧቸው ሦስት ጀሪካኖች አንዱ ቂጡ ተበልቶ፣ መሬቱ እስከ ማጀቱ ደፍ ድረስ ረጥቧል። ምድጃው ውስጥ የጠዋት ፍም አለ! በሩን በርግጄ፣ ፍሙን በአመድ ልቀብር ሮጥኩ። አልደረስኩም። ሽታው መሬት ለመሬት ሄዶ ቀድሞኝ ኖሯል። ቦግ አለ።

ደጀኔ ከሽመና ጉድጓዱ ዘሎ መጣ። ደጀኔ ባሌ ነው፤ እኔ የበግ ፀጉር እፈትላለሁ፣ እሱ ባና ይሠራል። ከሁሉ በፊት ምን አደረገ? ደህነኞቹን ሁለት ጀሪካኖች ጎትቶ አወጣ። ገረመኝ፤ ግን ጥሩ ነው፣ እሳት እንዳይደርስባቸው ነው አልኩ። ከዚያ የለበሰውን ባና ከበጎቹ መጠጫ ገንዳ ነክሮ እሳቱ ላይ ጣለው፣ በእግሩም ረገጠው። እኔ በሱቁ ጥግ ሁልጊዜ የማስቀምጠውን አፈር በአካፋ ደፋሁበት። ታፈነ። የበግ ፀጉር እሳት አይወድም፤ ባናው ጠርዙ ላይ ብቻ ጠቆረ።

የተቃጠለብን፦ የልጄ የእሸቱ መደብ ከነምንጣፉ፣ አንድ ቁምጣ፣ የጓዳው በር፣ የኔ ቀሚስ። እሸቱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ተመስገን! ከዚያ ጀሪካን አጠገብ ነው የሚተኛው።

ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። «ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ!» እያልኩ ሰዉን ገፋሁት። ይህችን እንኳ ሰሙኝ። ደጀኔ ግን ተመልሶ ገባና የቀረውን እርጥበት በዚያው ባና ጠርጎ፣ ጨምቆ፣ አጥሩ ላይ አሰጣው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መልሶ ለበሰው።

«ይሸታል፣ ተው አውልቀው» አልኩት።

«ውርጭ ሊወድቅ ነው። ያለ ባና በምን ልደር?» አለኝ።

የመንዝ ወንድ ባናውን ከሚጥል ሚስቱን ይጥላል። ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው።

የነፍስ አባቴ እስከ ልደት ድረስ ሰው እንዳልረግም ገዝተውኛል። ምላሴን ያውቁታላ! ሲበላኝ አቡነ ዘበሰማያት እንድደግም ነው ያዘዙኝ። እንዳልጽፍ ግን አልገዘቱኝም። ስለዚህ በእሸቱ የአምና ደብተር ላይ እተነፍሳለሁ። ዛሬስ የምረግመው ሰው የለኝም፤ ጀሪካን አይረገም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ደጀኔ ታሟል። ሲያልበው ነው ያደረው። ምራቁ እንደ ሕፃን ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ደረቴን ጨመቀኝ ይላል። የዓይኑ ቆብ ብቻውን ይርገበገባል።

«የጭስ ምች ነው» አሉ ሰዎች። እኔም ምች ነው አልኩ። እትዬ አስካለ ዳማ ከሴ አሽተው አሸተቱት፣ ጨምቀውም አጠጡት። ምች ደግሞ መሸፈን ይፈልጋል፤ ላቡ እስኪወጣ ተሸፍኖ ይተኛል። በምን ሸፈንነው? በባናው። እኔው ነኝ የሸፈንኩት፤ በአንገቱ ሥር ሳይቀር ጠቀጠቅሁለት። ባሰበት።

አንዱ ደግሞ «ወተት ስጡት፣ ያረክሰዋል» አለ። ጾም ነው እኮ ብል «ለበሽተኛ ምን ጾም አለው» ተባልኩ። አጠጣሁት፤ መልሶ አወጣው።

ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለኝ። ከሰዓት በፊት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ማንደፍሮ ሄድኩ። የእንስሳት መድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ያዥ ናቸው፤ በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አበልጄ፣ ቤቴ ያስቀመጡት ምንድን ነው? ደጀኔ እየሞተብኝ ነው።»

«ላምባ ነው፣ የሺ። ላምባ ነው ብዬሽ የለ?»

«የላምባ ሽታ አይደለም።»

«የከረመ ላምባ እንዲያ ይሸታል።»

ላምባ ለእኔ ሊያስተምሩኝ! ያም ሆኖ «ይማሉልኝ» አልኩ። እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው «በእሸቱ ክርስትና!» አሉ።

በታቦት ቢምሉ ኖሮ እጠራጠር ይሆናል። በልጄ ክርስትና ግን ማን በሐሰት ይምላል? በአርባ ቀኑ ከቄሱ እጅ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሲታቀፉት ያለቀሱት እንባ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ይቅርታ ጠይቄ፣ አፍሬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ላምባ ከሆነ ያልፋል ብሎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ደጀኔን ጠየቅሁት፣ «ላምባ ነው የሚሉት፣ አንተስ ምን ይመስልሃል?» ራሱን ነቀነቀልኝ። አዎ ማለቱ ነው። ይኸው ጎኑ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ትንፋሹ ያፏጫል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ይህን ቀን እንዴት አድርጌ ልጻፈው!

ጎህ ሲቀድ መቆም አቃተው። አራት ሰዎች በቃሬዛ አንስተው ጤና ጣቢያ አደረሱልኝ፤ እንደ ተኛ፣ ከነባናው። ሲስተሯ ልጅ እግር ናት፣ የዚህ አገር ሰው አይደለችም። ዓይኑን በባትሪ አየችው። የዓይኑ ጥቁር እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል።

«ምን ነክቶ ነው?»

«ላምባ» አልኩ።

«እናቴ፣ ላምባ እንዲህ አያደርግም።»

«ላምባ ነው። የማምነው ሰው ምሎልኛል።»

ባናውን ጠጋ ብላ አሸተተችና ወደ ኋላ ተፈናጠረች። «ይህን ከላዩ አንሱ! አሁኑኑ! ልብሱን ሁሉ! በባዶ እጅሽ አትንኪው፣ ፌስታል አጥልቂ!» በራሷ እጅ ጓንት አድርጋ ገፈፈችው። ባናውን በማዳበሪያ ጠቅልላ ከግቢው ጥግ አስቀመጠችው፤ ማንም እንዳይቀርበው አለች። ከዚያ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብነው፤ ፀጉሩን፣ ጆሮውን፣ የጥፍሩን ሥር። በሽፋን የሚድን መስሎን ስንሸፍነው ነው የዋልነው፤ ለካ ያ ሽፋን ነው ሲገድለው የነበረው።

«የምሰጠው መርፌ እንደ መርዙ ነው» አለችኝ። «ምን እንደሆነ በእርግጥ ማወቅ አለብኝ። አስቢ።» እኔ ምን ላስብ? የማውቀው ላምባ ነው። ሌላ ውሃ ላመጣ ወጣሁ።

ባልዲውን ይዤ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የደጀኔን ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ ምራቁን እየዋጠ፦

«የበግ መድኃኒት ነው። የቅንቅን። ሚስቴ እንዳትሰማ።»

ባልዲው ከእጄ አልወደቀም። በደንብ ያዝኩት። ወደ ውስጥ አልገባሁም፣ ወደ ኋላም አልሄድኩም፤ እንዲያው ቆምኩ። ሚስቴ እንዳትሰማ! ሞት ደጁ ቆሞ እኔን ነው የፈራው!

ያውቅ ነበር። ጀሪካኑ ሲገባ ያውቅ ነበር። ልጁ አጠገቡ ሲተኛ ያውቅ ነበር። ትናንት «ላምባ ነው የሚሉት» ስለው ራሱን ሲነቀንቅልኝ ያውቅ ነበር። ለሲስተሯ ላምባ ነው ብዬ ስከራከር ጎኔ ተኝቶ ይሰማኛል። አምላኬ፣ አብሬው የኖርኩት ሰው ነው ወይ ይሄ?

መርፌውን ወጋችው፣ እየቆየችም ደገመችው። እኩለ ቀን ሲሆን ምራቁ ቆመ፣ ትንፋሹም ተከፈተ። «ይተርፋል» አለችኝ። እሰይ አልኩ። እሰይ ማለቴ እውነት ነው፤ እውነት ነው ግን አፌን መረረኝ።

ከሰዓት ቀና ሲል ጠየቅሁት። «መርዝ መሆኑን እያወቅህ ለምን ለበስከው?»

መስማቴን ያኔ አወቀ። «በጉስ ይታጠብበት የለም? ከዚያ ሸልተን ፀጉሩን ባና እናደርገዋለን። በጉ ካልሞተ እኔ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው» አለ።

ሲስተሯ ሰምታ እጇን በራሷ ላይ ጫነች። ለበጉ የሚረጨው በውሃ ቀጥኖ ቀጥኖ ነው፤ እሱ የለበሰው ምንም ያልቀጠነውን ነው። ይህን ስትነግረው እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ እኔንስ ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ። ከመጋዘኑ የወጡትን ጀሪካኖች ራቤል ከተማ ላለ ነጋዴ ሊያሻግሩ ኖሯል፣ እሱና ማንደፍሮ። «ማንደፍሮ አስምሎኝ ነው» አለኝ ለግድግዳው። እንግዲህ እኔ ጋ ሲመጣ መሐላው ውሸት፣ እነሱ ዘንድ ሲሆን እውነት ነው።

ማንደፍሮን አንቱ ማለት ከዛሬ ቀርቷል። አንቱታው የአበልጅነት ነበር።


ዓርብ፣ ኅዳር 27፣ መድኃኔዓለም

ደጀኔ ጤና ጣቢያ ቀርቷል። እኔ ቤቱን ላጸዳ መጣሁ። ሲስተሯ አንድ በአንድ ነግራኛለች፦ በሩም መስኮቱም ይከፈት። እሳት የሚባል አይለኮስ፣ ኩራዝም ቢሆን። አፍና አፍንጫ ይታሰር። እጅ በፌስታል። እርጥቡ ላይ አመድና ደረቅ አፈር ይነስነስ፣ እስኪጠጣው ይቆይ፣ በአካፋ ይታፈስ። በውሃ አይጠረግ። ከምንጭና ከግጦሽ ርቆ በጥልቅ ይቀበር።

ይህን ሁሉ አደረግሁ። ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ቆፈርኩ። ከጤና ጣቢያ ያመጣሁትን ባናም ከነማዳበሪያው እዚያው አወረድኩት። የዚያ ባና ፀጉር የሁለት ክረምት ፈትሌ ነው። እንባዬ መጣ፤ ለባናው ይሁን ለሌላ አልለየሁም።

ግን ዘግይቻለሁ። ያን ዕለት ሰዉ የደፋው ውሃ መርዙን ይዞ በቦዩ ወርዷል። የእትዬ አስካለ ሁለት በጎች ከቦዩ ጠጥተው አረፋ ደፍቀው ሞተዋል። ባል የሌላቸው ሴት፣ ያሏቸው በጎች እነዚያው ነበሩ! ደጄ ላይ ቆመው ጮሁብኝ።

«በላምባሽ ጨረስሽኝ የሺ! ምን አደረግሁሽ? እሳትሽን ላጠፋ በሮጥኩ!»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ላምባ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ብናገር ባሌ ነው የሚታሰረው። «እትዬ፣ ሥጋውን ለውሻ እንኳ አይስጡት። ቆዳውንም አይግፈፉት። እኔ እቀብራቸዋለሁ» አልኩ። «ደግሞ ታዢኛለሽ?» ብለው ተፉብኝ። ቀበርኩላቸው። ቦዩንም ሌላ በግ እንዳይጠጣበት በእሾህ አጠርኩት።

ከዚያ ሁለቱን ጀሪካኖች ፈለግሁ። ደጀኔ ከአጥሩ ሥር በጭድ ሸፍኗቸው ነበር። የሉም። እሸቱ ከኋላዬ መጥቶ ዝም ብሎ ቆመ። የልጅ ዝምታ ይታወቃል።

«ማን ወሰዳቸው?»

«የክርስትና አባቴ። በአህያ። ለእናትህ አትንገር ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ።»

«መቼ?»

«አባዬ ሲያስመልሰው።»

ረቡዕ ነዋ! እኔ ይቅርታ ጠይቄው አፍሬ በተመለስኩበት ቀን። ደጀኔ ውስጥ ሲያቃስት እሱ ከአጥሩ ውጭ አህያ ይጭናል። በሽተኛ አልጠየቀም፣ ደጃችንን አልረገጠም፤ ጀሪካኑን ጠየቀ። ልጄንም በከረሜላ ዝም አሰኘው። ባሌ ዝም፣ አበልጄ ዝም፣ ልጄ ዝም። በዚህ ቤት ላምባ ነው ብላ የምትጮህ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ።

ማንደፍሮ፣ እግዜር ያን እጅህን እንደ — አቡነ ዘበሰማያት። አቡነ ዘበሰማያት። አቡነ ዘበሰማያት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ደጀኔ ቤት ገባ። የኔን ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ሾርባ አፈላሁለት፣ ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ እንደ እንግዳ።

የበጎቹ ነገር አገሩን አስቆጥቷል። ዛሬ የእትዬ አስካለ ነው፣ ነገ የማን ይሆናል ተባለ። የአገር ሽማግሌው አያ ተክሌ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ጠርተዋል። የቦዩን መርዝ ማን እንዳመጣው ሕዝቡ ተቀምጦ ያወጣል። ስንት ዘመን ሆነኝ አውጫጭኝ ካየሁ! ሽማግሌው ያየ ያልተናገረውን ይረግማል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ከዚያ ያየም የሰማም ይናገራል።

ከሰዓት ማንደፍሮ መጣ። ዛሬ ደጃችንን ረገጠ። ለደጀኔ ብርቱካን ይዞ፣ ለእኔ ፊቱን አሳዝኖ።

«የሺ፣ ነገ ላምባ ነበር በይ» አለኝ። «ላምባ ነጋዴ ነሽ። ላምባ ይፈሳል፣ አደጋ ነው ይባላል። አንቺን ማንም አያስርሽም። እኔ ግን የመንግሥት ዕቃ ነው፣ እበሰብሳለሁ። የአስካለን በጎች እኔ እተካለሁ።»

ደጀኔን አየሁት። ይቃወም ይሆናል ብዬ እኮ ነው ያየሁት! ሞኝ ነኝ። «ለቤታችን ስትዪ ነው፣ የሺ» አለ። «አንድ ቀን ይወራል፣ ይረሳል።»

በቃ! ስሜን ለሁለት ተካፍለውታል። ነገ ጠዋት ላምባዋ በግ የሚገድል፣ ሰው የሚመርዝ የሺ እሆናለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ከእኔ ይገዛል? ግን እሱ አይደለም የከነከነኝ። ሳይጠይቁኝ መስማማታቸው ነው።

«ጀሪካኖቹ የት ናቸው?» አልኩ።

«ደህና ቦታ ናቸው።»

«እኔም ቤት ደህና ቦታ ነው ብለህ ነው ያስቀመጥከው።»

አንተ ስለው ደነገጠ። ብርቱካኑን ትቶ ወጣ። አልበላሁትም፤ ለልጁም አልሰጠሁም።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። ብናገር የልጄ አባት ይታሰራል። ዝም ብል ሁለት ጀሪካን መርዝ አንድ ሰው ጓዳ ተቀምጦ ቂጡ እየተበላ ነው፤ ያ ሰውም አጠገቡ ምድጃ ይኖረዋል።


እሑድ፣ ኅዳር 29፣ ባለወልድ

ተናገርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። ደጀኔ በጋቢዬ ውስጥ ተኮራምቶ ከፊት፣ ማንደፍሮ ከጎኑ። እሸቱ ጭኔ ላይ ነው። እኔ ዝም ልል ወስኜ ነበር የሄድኩት። እውነቱን ልጻፍ፤ ወስኜ ነበር።

አያ ተክሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ድምፃቸው ያረጀ ነው ግን ይሰማል።

«አይቶ የሸሸገ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«ሰምቶ የዋጠ!»

«አሜን!»

«ይህን መርዝ ማን እንዳመጣ እያወቀ ዝም ያለ፣ ዘሩ አይብቀል! ልጁ አይደግ!»

«አሜን!»

ማንደፍሮ ከሁሉ አስበልጦ ነው አሜን ያለው። እሱስ ይበል። የደጀኔን አፍ ነበር የማየው። አንዴ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ በሽታው ነው አልኩ። ከዚያ «አሜን» አለ። ልጁ አይደግ ሲባል አሜን አለ። ልጁ ጭኔ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል!

እኔ አሜን አላልኩም። ጎኔ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩኝ። አያ ተክሌም አዩ፤ ዓይናቸው ቢደክምም እንዲህ ያለው አያመልጣቸውም።

«የሺ፣ አሜን አላልሽም።»

«አልልም፣ አያ።»

«ምነው ልጄ? የተገዘትሽው እንዳትረግሚ ነው፤ አሜን እንዳትዪ አይደለም።» ሰው ሣቀ። ለካ ግዝቴን አገር ያውቀዋል።

ተነሣሁ። እሸቱን እጁን ይዤ አስነሣሁት።

«አያ፣ ይህ እርግማን ቤቴ ነው የሚገባው። በእሸቱ ላይ አሜን አልልም።»

ሣቁ ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ላምባ አይደለም፣ የበግ መድኃኒት ነው አልኩ። ማንደፍሮ አመጣው፣ ባሌ ያውቅ ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር፣ ከሐሙስ ጀምሮ አውቄ ዝም ያልኩት ግን እኔም ነኝ አልኩ። ማንንም አልሰደብኩም፤ ምላሴ ቀዝቅዞ ነበር። ማንደፍሮ ዘሎ «ትዋሻለች! በእሸቱ ክር—» ሲል ልጄ እጄን ጨብጦ ሽቅብ አየኝ። ማንደፍሮም አየውና አልጨረሰውም።

አያ ተክሌ ወደ ባሌ ዞሩ። «ደጀኔ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ፣ ወደ መሬት።

ማንደፍሮ አህያውን ሲያራግፍ ያየ አንዱ፣ ጀሪካኖቹ እሱ ቤት የጭድ ክምር ውስጥ ናቸው አለ። ክምሩ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ጎረምሳው ሁሉ ሊሮጥ ተነሣ። «ቁሙ!» አልኩ። «እሳት ያለው ሰው አይሂድ። መጀመሪያ የወጥ ቤቱ እሳት በአመድ ይቀበር። ልጅ አይቅረብ። ጀሪካኑን ማንም በባዶ እጁ አይንካ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ቁሙ።» ይህን ስል ሁሉም ባለበት ቆመ። ከዚያ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ እትዬ አስካለ ተነሥተው «አመድ በምን እንያዝ፣ የሺ?» አሉ።

«በቁና» አልኳቸው።

አንዱ ጀሪካን ቂጡ ላብ አልቦት ነበር፤ ሊፈስ። ዙሪያውን አመድና አፈር ከበብነው። አንድም ሰው ውሃ አላመጣም። የእንስሳት መድኃኒት መጋዘኑ ሰዎች በመኪና መጥተው እስኪወስዱት ድረስ ሁለት ሽማግሌዎች ርቀው ሲጠብቁ ዋሉ። ማንደፍሮን ፖሊስ ወሰደው። ደጀኔን ለቃል ነገ ይምጣ ብለው ለበሽታው ሲሉ ተዉት።

ስንመለስ ደጀኔ ከኋላዬ ነበር የሚሄደው። በሩ ላይ ስንደርስ «አዋረድሽኝ» አለኝ። ላምባ ብዬ ዝም ብል እኔ እዋረድ ነበር፤ እሱ አልታየውም። «ልጅህ አይደግ ሲባል አሜን አልክ» አልኩት።


ሰኞ፣ ኅዳር 30

ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ደጀኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጥቶ ተመለሰ። ለፍርድ ትጠራለህ ተብሏል።

ደህና ወሬ፦ ጠዋት ሦስት ሰዎች ላምባ ገዝተውኛል። አንዷ «አፈሩን ቤቴም ላስቀምጥ እንዴ?» አለችኝ። አስቀምጪ አልኳት። እትዬ አስካለ ስለ ተፉብኝ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ድንች አምጥተው ደጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ይኸው ነው የሳቸው ይቅርታ፣ ተቀብያለሁ።

የነፍስ አባቴ በሱቁ በኩል ሲያልፉ መስቀል አሳለሙኝና «ረገምሽ ወይ?» አሉኝ። «አልረገምኩም፣ አባቴ።» «በልብሽስ?» መስቀሉን ደግሜ ተሳለምኩ። «ግዝቱ እስከ ልደት ነው» ብለው ሄዱ።

እሸቱ ምሳውን እየበላ፣ «እማዬ፣ የክርስትና አባቴ አሁንም የክርስትና አባቴ ነው?» አለኝ።

«ነው። ክርስትና አይፈርስም» አልኩት። ምን ልበለው? እውነቱ እሱ ነው። ይህ ሰው እስክንሞት ድረስ አበልጄ ነው።

ደጀኔ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ጋቢው አይበቃውም፣ ይንቀጠቀጣል። የሽመና ጉድጓዱ ባዶ ነው። «ፀጉር አለን?» አለ።

«አለ።»

እንዝርቴን አወጣሁ። ከቀርጫቱ ነጩን ፀጉር አንስቼ፣ ከእሱ ራቅ ብዬ ተቀምጬ መፍተል ጀመርኩ። ጣቶቹ በጉልበቱ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ ሲሠራ እንደሚያደርገው። ለማን ነው የምትፈትዪው አላለኝም። እየፈተልኩ ነው።